የተሻረው የኮረብታ መንገድ

እማማ ጥሩወርቅ ያረፉት ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። መቶ አንድ ዓመታቸው ነበር። የጨው በር ሰባተኛ ሰፈር ዕድር ሰው ከቀበረ አሥራ አራት ወር አልፎት ስለነበር ጡሩምባ ነፊው በመጀመሪያው ትንፋሽ ድምፅ ማውጣት አቃተው፤ በሁለተኛው ወጣለት። ድንኳኑም ከመጋዘን ሲወጣ እጥፋቱ በአቧራ ተሞልቶ ነበር። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ያለው ዕድር አሥራ አራት ወር ሙሉ አንድም ሬሳ ሳያወጣ መኖሩ በከተማው የታወቀ ክብራችን ነበር። የሌላ ሰፈር ሰዎች «እናንተ ዘንድ ሞት አይደርስም አሉ» ሲሉን «ይመስገን» እያልን አንገታችንን ቀና እናደርግ ነበር።

ስሜ ትርንጎ ነው። በዕድሩ መዝገብ ላይ የመጨረሻዋ ገቢ እኔ ነኝ፤ እናቴ ስታርፍ ነው የገባሁት። የምሠራው በከተማው መንገድ መዝገብ ቤት ነው። ስለ ሥራዬ ትንሽ ካልተናገርኩ የዚያን ቀን ጥፋቴ አይገባችሁም።

ጨው በር ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው የለም። ሙቀቱ ከቀትር በፊት አርባ ስድስት ይደርሳል። ሰው ከበሩ ላይ ቀፎ የምንለው ነጂ የሌለው ተሽከርካሪ ውስጥ ይገባል፣ የሚሄድበትን ይናገራል፣ ይቀመጣል፣ በሩ ሲከፈት ይወርዳል። ቀፎዎቹ መስኮት የላቸውም፤ መስኮት ፀሐይ ያስገባል። ስለዚህ ገበያው ከቤቱ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ልጆቻችን «ወደ ላይ» እና «ወደ ታች» የሚሉት ስለ ፎቅ ሲያወሩ ብቻ ነው። መንገዱን የሚያውቀው እምብርት ነው። ከተማውን የሚያንቀሳቅሰውን አእምሮ እንደዚያ ነው የምንጠራው። እምብርትም ቢሆን ሁሉን አይዝም። ሰው የሄደበትን መንገድ ይይዛል፣ ዓመት ያልተሄደበትን ይጥላል፤ ካልጣለ ይሞላና ይዘገያል፣ እሱ ሲዘገይ ደግሞ ከተማው በሙሉ በሙቀት ውስጥ ይቆማል። ለመጣል ግን የሰው ፈቃድ ያስፈልገዋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዝርዝር ይመጣልኛል። ቁጥር፣ ርዝመት፣ መጨረሻ የተሄደበት ቀን፤ ስም የለውም። «ይሻር» እላለሁ፤ ቀጣዩ ይመጣል። በአንድ ቀን ሁለት መቶ መንገድ የሻርኩበት ጊዜ አለ። ከባልደረቦቼ ሁሉ እጄ ፈጣን ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እኮራበት ነበር።

የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ባንተይርጋ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቁመታቸው የድንኳን ምሰሶ ያህላል፤ ቁጣቸውም ከቁመታቸው አያንስም። በአምስት ሰዓት የሬሳ ማመላለሻው ቀፎ ደጃፍ ላይ ሲቆም በሩን በእጃቸው መታ አድርገው «ወደ ኮረብታው መቃብር» አሉት።

«መድረሻው አይታወቅም» አለ ቀፎው።

«ኮረብታው ነው የምልህ፤ የሰባተኛ ሰፈር መቃብር።»

«መድረሻው አይታወቅም። ቅርብ ያለው የታወቀ መድረሻ የከተማው ማረፊያ ግንብ ነው። ልውሰድዎ?»

«አንተኑ ይውሰድህ» አሉት ጋሽ ባንተይርጋ።

አራት ጊዜ ደጋገሙለት፤ አራት ጊዜ ያንኑ መለሰ። ከኋላቸው የቆመ አንድ ሰው «አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማ» አለ። ማንም አልሳቀም፤ የግንቡ ስም ተጠርቷልና። ወደ ማረፊያ ግንብ የገባ ሬሳ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ እፍኝ አመድ ሆኖ ቁጥር የተጻፈበት መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። ሕጉ ፀሐይ እስክትገባ ያልተቀበረ ሬሳ ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል ይላል፤ የግንቡ ሬሳ ወሳጆችም ለቅሶ ላይ ነን ቢሏቸው አይቆሙም። እማማ ጥሩወርቅ ደግሞ ባለቤታቸው ኮረብታው ላይ ከተቀበሩ ጀምሮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎናቸው ያለውን ቦታ ሲያስከብሩ የኖሩ ሴት ናቸው። እናቴን አጥበው የገነዙልኝ እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሳምንት ምግብ በእጃቸው ነው ያጎረሱኝ።

ሰዉ ከቀፎው ጋር ሲጨቃጨቅ እኔ ወደ ድንኳኑ ጥግ ሄጄ እጄ ላይ ባለው መነጋገሪያ አምባር የመሥሪያ ቤቴን መዝገብ ከፈትኩ። በመጨረሻው ቀብራችን ቀን የተሄደበትን ፈለግኩ፤ መንገድ ቁጥር 7718። መጨረሻ የተሄደበት ከአሥራ አራት ወር በፊት። የተሻረው ከሁለት ወር በፊት። የሻሪው ስም ትርንጎ።

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሌላ ሰፈር ቢሆን እንዲህ ያለ ነገር አይደርስበትም፤ ሌላ ሰፈር ሰው ይሞትበታል፣ መንገዱም አይረሳም። እኛ ሰው አልሞተብንም ብለን ስንኮራ የመቃብራችን መንገድ ዓመት ሞላው፤ እኔ ደግሞ በፈጣኑ እጄ ጣልኩት። የዚያን ለት ያህል አፍሬ አላውቅም።

ጋሽ ባንተይርጋን ለብቻቸው ጠራኋቸው።

«ጋሼ፣ መንገዱ ተሽሯል።»

«ማን ሻረው?»

«እኔ።»

ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ።

«አውቀሽ ነው?»

«ቁጥር ነው የሚመጣልኝ። የት እንደሚወስድ አልጠየቅኩም።»

«ታዲያ መልሺዋ።»

«ጥያቄው ወደ በላይ ይሄዳል። መልሱ የሚመጣው በሦስተኛው ቀን ነው።»

«ሦስተኛው ቀንማ ሠልስት ነው» አሉ። «እኛ የያዝነው ቀብር ነው። የአንቺን ነገር አፈር ካለበስናቸው በኋላ እናየዋለን። አሁን ነይ።»

ድንኳኑ መሀል ቆመው ጠየቁ፤ «ኮረብታውን በእግሩ የሄደ ማነው?»

አልነበረም። ቀፎ ከመጣ አርባ ዓመት ሆኖታል፤ ከዚያ በፊት ኮረብታው መቃብር አልነበረም። በመጨረሻ ወይዘሮ ዘሪቱ ከሴቶቹ መሀል ተነሡ። ዱሮ አስተማሪ ነበሩ።

«እኔ እስከ አሮጌው ትምህርት ቤት አውቃለሁ» አሉ። «ልጅ ሆኜ በእግሬ ነበር የምመላለሰው። ከዚያ ወዲያ ግን አልሄድኩም፣ አልዋሽም።»

«ከትምህርት ቤቱ እስከ ውኃ ማማው እኔ አለሁ» አለ ቦጋለ። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው።

ከዚያ እንደ ጨረታ ሆነ። ሁለት እህትማማቾች ከማማው እስከ ጨው ፋብሪካው ያለውን ያዙ። አንዱ የፋብሪካውን አጥር፣ ሌላው ከአጥሩ እስከ ደረቁ ወንዝ ያለውን። ጋሽ ባንተይርጋ በጣታቸው እየቆጠሩ ሰሙና እጃቸውን ዘረጉ።

«በቃ፤ ከዚህ እስከዚያ የሚያውቅ ሰው አያስፈልገንም። ሁሉም ቀጥሎ ያለውን ካወቀ እንደርሳለን።»

አሥራ ስድስት ዓመት መንገድ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ስቀጠር የሰጡኝ መማሪያ የጥንቶቹ ማሽኖች መልእክት ያደርሱ የነበረው በዚሁ ዘዴ ነው ይላል፤ ሙሉውን መንገድ የሚያውቅ አንድም ማሽን አልነበረም፣ እያንዳንዱ ጎረቤቱን ብቻ ያውቅና ያቀብል ነበር። ጋሽ ባንተይርጋ ያንን መጽሐፍ አላዩትም። በአንድ ደቂቃ ከጭንቅላታቸው አወጡት። በዕድሬ መኩራት የጀመርኩት ከዚያች ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ጉራ ነው።

አንድ ክፍተት ግን ቀረ። ከደረቁ ወንዝ ማዶ እስከ ኮረብታው ያለውን የሚያውቅ ጠፋ። ያ አገር አሸዋ ነው፤ አሸዋው ደግሞ በየዓመቱ ቦታ ይቀይራል። በስህተት አቅጣጫ ሁለት ሰዓት የሄደ ሰው በዚያ ፀሐይ አይመለስም።

መዝገቡን መልሼ ከፈትኩ። የሻርኩትን መንገድ ከሻርኩ በኋላ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ማን ያያል? ከታች አንዲት መስመር አለች። «ያልተለቀቀ። ያዢ፦ አንድ።» ትርጉሙ ይህ ነው፤ በአንድ መንገድ ሄዶ ገና ያልተመለሰ ሰው ካለ እምብርት መንገዱን ለሌላው ሁሉ ይዘጋዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ለዚያ ሰው መመለሻ ብቻ ያስቀምጥለታል። የያዢው ስም ሙሄ እንድሪስ ነበር።

ጋሽ ሙሄ የመቃብራችን ዘበኛ ናቸው። ከመጨረሻው ቀብር ጋር ወጥተው እዚያው ቀሩ፤ የሚበሉትንና የሚጠጡትን በራሪ ጫኝ ያደርስላቸዋል። በአምባሬ ጠራኋቸው።

«ጋሽ ሙሄ፣ ትርንጎ ነኝ፤ የእታገኝ ልጅ።»

«ማን ሞተ?» አሉኝ። ለሌላ ጉዳይ ጠርቷቸው የሚያውቅ አልነበረም፤ ይህም አሳፈረኝ።

«እማማ ጥሩወርቅ።»

«ከሰውየው ጎን ነው እንግዲህ። አሁኑኑ እቆፍራለሁ።»

«መንገዱ ጠፍቶብናል፣ ጋሽ ሙሄ። የሚያውቀው የእርስዎ አምባር ብቻ ነው፤ ወደ ቤት መልሰኝ ቢሉት ይመራዎታል። ቆፍረው ሲጨርሱ እስከ ደረቁ ወንዝ ይምጡና ከወንዙ ይቀበሉን። ቤትዎ ድረስ ግን እንዳይመጡ፤ እግርዎ ቤት የረገጠ ለት ያችም መንገድ ትጠፋለች።»

«አብሽሪ» አሉ። «አሥራ አራት ወር ያልገባሁበት ቤት ዛሬ አያጓጓኝም።»

ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣን። ቃሬዛውን ስምንት ስምንት ሰው በፈረቃ ተሸከመ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን በውኃ ነክረው ተከናነቡ፤ ዣንጥላ ያለው ያለውን አወጣ። ከሰፈሩ በር ስንወጣ ወይዘሮ ዘሪቱ ከፊት ነበሩ። ወደ ግራ ታጠፉ፤ ወዲያው ገበያው መሀል ገባን። ዞር ብዬ የቤቴን ጣሪያ አየሁ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ በቀፎ አሥራ አንድ ደቂቃ እየተጓዝኩ የምሸምትበት ገበያ ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ሠላሳ እርምጃ ነበር። እምብርት አንዴ ያወቀውን መንገድ አይቀይርም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም።

አምስት ደቂቃ እንደሄድን ሦስት መቶ አምባር በአንዴ ተናገረ፤ ያው የለመድነው የሴት ድምፅ ነው። «የተከለከለ ሙቀት ላይ ነዎት። ወደ ቤትዎ ይመለሱ።» በየአምስት ደቂቃው ደገመው። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ሙሾ አወጡና ድምፁን ዋጡት፤ ከዚያ ወዲህ ማን ይስማው። አንዲት አሮጊት ደረታቸውን እየመቱ በመሀል «ዝም በይ አንቺ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በየመገናኛው አንድ ሰው እናቆም ነበር። ይህን ያዘዙት ጋሽ ባንተይርጋ ናቸው፤ ከኋላ የሚመጡ ሽማግሌዎች እንዳይጠፉ፣ ስንመለስም መንገዱ እንዲታወቅ። መጀመሪያ የቆሙት ወይዘሮ ዘሪቱ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱ ጥግ ላይ፣ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ዣንጥላቸውን እንደ ጠብመንጃ ይዘው። ከእሳቸው ቀጥሎ ቦጋለ። ከዚያ እህትማማቾቹ ሁለት መገናኛ ተካፈሉ። እኔ በአምባሬ መዝገቡን እያየሁ ነበር። አንድ ሰው በቆመ ቁጥር ባዶ ካርታ ላይ አንዲት ነጥብ ትበራለች፣ ከጎኗም «ተይዟል» የሚል ይወጣል። ሰው የቆመበትን ስፍራ እምብርት አይጥልም። በስምንት ሰዓት ምንም ያልነበረበት ገጽ ላይ አሥር ሰዓት ሲሆን ሠላሳ አንድ ነጥብ ተሰልፎ ነበር። ሥራዬ መንገድ ማጥፋት ነው፤ መንገድ ሲወለድ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አለቀስኩ፤ ሰዉ ለእማማ ጥሩወርቅ መሰለው፤ ለእሳቸውም ነበር።

ደረቁ ወንዝ ጋ ስንደርስ ጋሽ ሙሄ ማዶ ቆመዋል። አካፋው ትከሻቸው ላይ ነው፣ ሽርጣቸው በአፈር ቀልቷል። ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አሥራ አራት ወር ሰው አላዩም። ከዚያ ቃሬዛው ወንዙን ሲሻገር ወርደው አካፋውን ለአንዱ አስያዙና ትከሻቸውን ሰጡ፤ ማንም ፈረቃቸውን ሊቀበላቸው ቢሞክር እምቢ አሉ። ከወንዙ እስከ ኮረብታው በአሸዋው መሀል «በዚህ፣ በዚህ» እያሉ ከሬሳው ሥር ሆነው መሩን።

እማማ ጥሩወርቅ አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከባለቤታቸው ጎን ገቡ። ፍትሐቱ ሲደርስ ፀሐይ ከአሸዋው ገና ከፍ ብላ ነበር። የግንቡ ወሳጆች በዚያ ሰዓት ባዶ ድንኳናችን ደጃፍ ቆመው ነበር አሉ፤ ምን እንዳሰቡ አላውቅም።

አምባሬ ላይ ማስታወቂያ መጣ። አዲስ መንገድ ተመዝግቧል፤ ዓመት ካልተሄደበት ይሻራል። ለጋሽ ባንተይርጋ አሳየኋቸው። አነበቡና ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ሁለት አባወራ በተራ እዚህ ይመጣል። መቃብሩን ይጠርጋል፣ ሙሄን ጠይቆ ይመለሳል። ሰው እስኪሞት አንጠብቅም። የሚቃወም አለ?»

አልነበረም።

ከዚያ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «በይ፤ ራስሽ ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። ዝርዝሩን፣ ቁጥሩን፣ እጄን፣ ሁሉንም። «መንገዱን የሻርኩት እኔ ነኝ» ስል ከፊቴ ያሉት ሰዎች ከንፈራቸው በሙቀት ተሰነጣጥቆ፣ ነጠላቸው በጨው ነጥቶ ያዩኝ ነበር። የእማማ ጥሩወርቅ ልጅ ግን መሬት መሬት ታያለች። ከዕድር መባረር ምን እንደሆነ አገሬው ያውቃል፤ ስትሞት የሚያነሣህ የለም፣ ለአንተ ያለው ግንቡ ብቻ ነው። አቀርቅሬ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

የዕድሩ ጸሐፊ መዝገቡን ከፈተ። በደንባችን መቃብር ላይ ስሙ ሲጠራ ያልመለሰ ቀሪ ነው። ጸሐፊው ቆም አለና «ጋሼ፣ መገናኛ ላይ የቆሙትስ? ቀሪ ልበላቸው?» ሲል ጠየቀ።

«ማን አደረሰህና ነው ቀሪ የምትላቸው?» አሉ ጋሽ ባንተይርጋ። «ጥራ። እዚህ የሌለውን እኛ እንመልስለታለን።»

ጥሪው ተጀመረ። ሰዉ በየስሙ «አቤት» ይላል። «ዘሪቱ አበጋዝ» ተባለ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ አፍ «አለች» አለ። «ቦጋለ ወርዶፋ።» «አለ።» ሠላሳ አንድ ጊዜ እንዲያ ሆነ። ከደረቁ ወንዝ እስከ ትምህርት ቤቱ ጥግ በፀሐይ የቆሙት ሰዎች አልሰሙም፤ እኔ ግን ሰማሁ፣ ደረቴም በኩራት ሞላ። የእነዚህ ሰዎች ወገን ሆኜ መኖሬ ዛሬ ቢያበቃ እንኳ «ወገናቸው ነበርኩ» አልኩ በልቤ።

የእኔ ስም መጨረሻ ላይ ነው። ጸሐፊው ገጹን ገለጠና ጋሽ ባንተይርጋን ቀና ብሎ አያቸው። «ጥራ» አሉት።

«ትርንጎ እሸቴ።»

አቤት ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣም። መልስ የመስጠት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ጠበቀ። ጋሽ ሙሄ አካፋቸውን ተደግፈው ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ ሰዉ።

«አለች» አሉ።

ከኋላዬ የእማማ ጥሩወርቅ ልጅ «አለች» አለች። ከዚያ ኮረብታው በሙሉ «አለች» አለ።